ስለ ፍቅርና ስለ ሰው ሕይወት ፍጻሜ

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ሰው ለምን ተፈጠረ ብሎ ለሚጠይቅ ሕፃን የሚሰጠው መልስ አጭርና የጸና ነው፤ የፈጣሪውን ስም ሊቀድስ፣ ክብሩንም ሊወርስ ተፈጠረ ይባላል። ሕፃኑ ይህን ከየኔታው አፍ ተቀብሎ በቃሉ ይይዛል፤ ጥያቄውም ለጊዜው ይዘጋለታል። ነገር ግን ያ ሕፃን አድጎ፣ አግብቶና ወልዶ፣ ወላጆቹን ቀብሮ፣ ባልንጀራውን በሞት አጥቶ፣ የራሱም ጠጉር መሸበት ሲጀምር፣ በልጅነቱ የተዘጋው ጥያቄ በሌላ በር ተመልሶ ይመጣበታል። ቀኑን ሙሉ ከሞፈርና ከቀንበር ጋራ ሲታገል የሚውለው ገበሬ፣ ሌሊቱን በታመመ ልጇ ራስጌ ተቀምጣ የምታነጋው እናት፣ በመዝገብ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ ዕድሜውን የሚፈጽመው ጸሐፊ፣ እነዚህ ሁሉ ስሙን የሚቀድሱት በምን ግብር ነው? ለዚህ ከጥንት ጀምሮ ብዙዎች መልስ ሰጥተዋል፤ በመልሶቹም ውስጥ ደጋግሞ የሚመሰገነው፣ ደጋግሞም የሚከሰሰው ፍቅር ነው። አንዳንዱ ፍቅርን የሕይወት ፍጻሜ ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰውን ከተፈጠረበት ዓላማ የሚያስት መሰናክል አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህ ዳሰሳ የሁለቱንም ወገን ቃል እየመረመረ ይሄዳል፤ የጸሐፊውንም ፍርድ አይሸሽግም።

ፍቅር መሰናክል ነው የሚለው አሳብ የአባቶቻችን አሳብ እንደ ሆነ አድርገው የሚናገሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ዳዊት የደገመ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። በአገራችን በብራና የሚጻፈው የዳዊት መጽሐፍ መቶ ኀምሳውን መዝሙር ብቻ የያዘ አይደለም፤ መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ጸሎተ ነቢያት ይከተላል፤ ከጸሎተ ነቢያትም ቀጥሎ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ ከእርሱም በኋላ ውዳሴ ማርያም ይመጣል። እንግዲህ ፊደል ቈጥሮ፣ ንባብ ለይቶ ዳዊት የገባ ልጅ፣ ሙሽሪት በሌሊት ከመኝታዋ ተነሥታ በከተማው መንገድ ወዳጅዋን ስትፈልግ፣ ጠባቂዎችም ሲያገኟት የሚናገረውን መጽሐፍ፣ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም በየኔታው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል ማለት ነው። መምህራን ሲተረጕሙት ሙሽራው ክርስቶስ፣ ሙሽሪቱም ቤተ ክርስቲያን ወይም የምእመን ነፍስ መሆንዋን ያስረዳሉ፤ ትርጓሜውም የታወቀና የከበረ ነው። ነገር ግን ትርጓሜው ራሱ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ነፍስ ወደ አምላኳ ያላትን ናፍቆት ለመናገር ከወንድና ከሴት ፍቅር የሚበልጥ አነጋገር እንዳልተገኘ ያሳያል። አባቶቻችን በዚህ ፍቅር አፍረውበት ቢሆን ኖሮ፣ በየዕለቱ ከሚደገመው ጸሎት መካከል፣ በመዝሙርና በእመቤታችን ውዳሴ አማካይ ስፍራ ባላኖሩት ነበር።

ምናኔም ቢሆን በተለምዶ እንደሚታሰበው ከፍቅር መሸሽ አይደለም። ወደ ዋልድባ ወርዶ ቋርፍ እየተመገበ የሚኖረው መነኵሴ እናትና አባቱን የተወው ስለ ጠላቸው አይደለም፤ ስለ አገር፣ ስለ ዝናምና ስለ አዝመራ፣ በማያውቃቸው ሕያዋንና ሙታን ስም በየሌሊቱ የሚቆም ሰው ፍቅር ጐደለው ማለት አይቻልም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ሰው ፍቅረ እግዚአብሔርን ይዣለሁ እያለ ፍቅረ ቢጽን እንደ ትንሽ ነገር ማለፍ ሲጀምር ነው። ለዚህ ግን ወንጌል ራሱ ማሰሪያ አበጅቶለታል። በዕለተ ምጽአት ሰው የሚጠየቅባቸው ስድስቱ ቃላተ ወንጌል የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ የሆነ፣ የታረዘ፣ የታመመና የታሰረ ሰው ነገር ናቸው፤ ስድስቱም የሚፈጸሙት በሌላው ሰው ሥጋ ላይ፣ በእጅና በእግር ነው።

ምናኔና ትዳር የተከራከሩበትን ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ በድፍረት ያነሣው ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ እንደሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ የአክሱም አገር ሰው ሲሆን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ተከስሶ ከአገሩ ሸሸ፤ ዳዊቱን ይዞ በተከዜ አጠገብ ባለ ዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ፤ ንጉሡ ከሞተ በኋላም ወደ እንፍራዝ ሄዶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት መጻሕፍት እየጻፈ ኖረ። በዚያ ቤት ሒሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። በመልኳ የታወቀች አልነበረችም፤ ነገር ግን ጠባይዋ መልካም፣ አእምሮዋ አስተዋይ፣ ትዕግሥትዋም ብዙ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ እንዲሰጠው ጌታዋን በጠየቀው ጊዜ፣ ጌታዋ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ገረድ ትሁን ቢለው፣ እርሱ በገረድነት ሳይሆን በሚስትነት እንደሚፈልጋት፣ ባልና ሚስትም በጋብቻ እኩያዎች እንደ ሆኑ፣ ከተጋቡም በኋላ ጌታና ገረድ ተብለው ሊጠሩ እንደማይገባ ነገረው። ሒሩት እንደ ወደደችው ባየ ጊዜም በተቻለው ሁሉ ሊያስደስታት በልቡ ቈረጠ፤ እንደ እነርሱም ትዳር በፍቅር የተመላና የተባረከ መኖሩን እንደሚጠራጠር ጻፈ።

ስለ መጽሐፉ ደራሲ ክርክር አለ። ብራናውን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ውስጥ አግኝቼዋለሁ ብሎ ለአንቷን ዳባዲ የላከው የካፑቺን መነኵሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነበር፤ ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ድርሰቱ የጁስቶ የራሱ ነው ብሎ ጻፈ፤ በአገራችን ብዙ ዘመን ያስተማሩት ክሎድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊው ነው ብለው ተሟገቱ፤ ሙግቱም ዛሬም አልተዘጋም። ለያዝነው ጉዳይ ግን ብዙ አያስቸግርም። በግዕዝ የተጻፈ፣ ዋሻንና ትዳርን ጎን ለጎን አቁሞ የሚመዝን ድርሰት በእጃችን አለ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚመስጠኝም የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ዘርዐ ያዕቆብ በዋሻው ሁለት ዓመት ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ፍጥረትና ስለ ሃይማኖት ተመራመረ፤ ብዙም አገኘ፤ ሆኖም ያገኘውን እውነት የሚኖርበት ቦታ ያጋጠመው ከዋሻው ከወጣ በኋላ፣ ሰዎች ሁሉ እኩል ናቸው የሚለው አሳቡ አንዲት ገረድን ሚስቴ ነሽ ወደ ማለት በደረሰ ጊዜ ነው። ምርምሩ ዋጋውን ያሳየው በዚህ ነው እላለሁ። ቅር የሚያሰኘኝ ሒሩት ራሷ ስለዚህ ሁሉ የምታስበውን ከባልዋ ብዕር በቀር የሚነግረን አለመኖሩ ነው፤ ስለ ፍቅር ከተጻፈው ሁሉ እጅግ የሚበዛው በአንደኛው ወገን ብቻ የተጻፈ ነውና።

ከግሪኮች መካከል አርስጣጣሊስ በኒቆማኮስ ስም በሚጠራው የሥነ ምግባር መጽሐፉ የሰው ሕይወት ፍጻሜ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቅ፣ ከዐሥሩ ክፍሎች ሁለቱን ለወዳጅነት መስጠቱ ሊዘነጋ አይገባም። በጎ ነገር ሁሉ ቢሰጠው እንኳ ያለ ወዳጅ መኖርን የሚመርጥ ሰው የለም ይላል፤ ለጥቅም የሚሆነውንና ለደስታ የሚሆነውን ወዳጅነት ለይቶ፣ ወዳጁን ስለ ወዳጁ ሲል የሚወደውን ከሁሉ በላይ ያስቀምጠዋል። በባስራ የኖረችው እስላማዊት መናኝ ራቢዓም ይህንኑ ወደ ሰማይ አውጥታ፣ ፈጣሪ ስለ ገነት ተስፋ ወይም ስለ ገሃነም ፍርሃት ሳይሆን ስለ ራሱ ሊወደድ ይገባዋል ብላ አስተምራለች። የግሪኩ ፈላስፋና የባስራዋ መናኝ በዘመንም በሃይማኖትም የማይገናኙ ሲሆኑ በአንድ ነገር መስማማታቸው ለመርማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሌላ ነገር መሣሪያ የሚደረግ ፍቅር ገና ፍቅር አልሆነም ብለዋልና።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። ፍቅር ይህን ያህል ከበረ ከተባለ፣ አንድ ሰው ሌላውን አንድ ሰው የሕይወቱ ፍጻሜ ሊያደርገው ይገባልን? በሰሜን አፍሪካ በታጋስቴ የተወለደው ቅዱስ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ እጅግ የሚወደው ባልንጀራ ነበረው፤ ያ ባልንጀራው በንዳድ ታሞ በሞተ ጊዜ የትውልድ ከተማው ሁሉ ጨለመበት፤ ዐይኖቹ በየቦታው ባልንጀራውን እየፈለጉ ባያገኙት አገሩን ጥሎ ወደ ቀርጣግና ሄደ። በኋላ ዘመን ይህን ሲያስታውስ፣ የሚሞተውን እንደማይሞት አድርጎ መውደዱን እንደ ስሕተት ቈጠረው። ምክሩ እውነት አለበት፤ በሰው ትከሻ ላይ የአምላክን ያህል ሸክም የሚጭን ወዳጅ፣ የሚወደውን ሰው ያደክመዋል፤ እርሱም ይወድቃል። ነገር ግን ቅዱሱ ያን ኀዘን ባያዝን ኖሮ ስለ ፍቅር የጻፈውን ሁሉ መጻፍ ይችል ነበር ብዬ አላምንም። ኀዘኑ የስሕተቱ ቅጣት ብቻ አልነበረም፤ የትምህርቱም መጀመሪያ ነበር።

በእኛ ቋንቋ ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የገፋው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። አንባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ከፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ጋራ ብቻ የተጋጨ አድርገው ያነቡታል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን የሕይወት ዓላማን ለሚመረምር ሰው ከዚህ የጠለቀ ነገር አለበት። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ቢያድግልን ለእግዚአብሔር እንሰጠዋለን ብለው ስለት ተስለውበታል፤ የኑሮው ፍጻሜ ምን እንደሚሆን እርሱ ሳይጠየቅ ተወስኖለታል ማለት ነው። ስለቱን ያመጣው ጭካኔ አልነበረም፤ ልጃቸው በሞት እንዳይነጠቅባቸው የፈሩ እናትና አባት ፍቅር ነበር። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ የሚጋደሉት ፍቅርና ጥላቻ ብቻ አይደሉም፤ አንዱ ፍቅር ሌላውን ፍቅር ሲያስረው እናያለን። ወላጅ ለልጁ የሚመኘው መልካም ነገር የልጁን መንገድ ሲዘጋ በየቤታችን የምናየው ነው፤ ሐኪም ሁን፣ እከሊትን አግባ፣ ወደ ውጭ አገር ሂድ የሚሉት ቃሎች ሁሉ የስለት ጠባይ አላቸው። ደራሲው ወላጆቹን አለመኰነናቸው፣ ድኽነታቸውንና ፍርሃታቸውንም በርኅራኄ መግለጻቸው የጥበባቸውን ታላቅነት ያሳያል። እኔ ግን ፍርዴን እሰጣለሁ፤ የሚወደውን ሰው ምርጫ የማይጠብቅ ፍቅር፣ ምንጩ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው።

ፍቅርን እንደ ማታለያ የሚቈጥሩትን በአጭሩ ላልፋቸው እወዳለሁ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሾፐንሃወር ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚቃጠሉት ለራሳቸው ደስታ መስሎአቸው ነው እንጂ ዘር እንዳይጠፋ ተፈጥሮ እየነዳቸው ነው ይላል። የዘር መቀጠል በፍቅር ውስጥ ድርሻ እንዳለው የሚክድ የለም፤ ግን ይህ አሳብ መካን ባልና ሚስት እስከ እርጅና ተደጋግፈው የሚኖሩበትን፣ ባልንጀራ ለባልንጀራው የሚሞትበትን ምክንያት ሊያስረዳ አይችልም። የተፈጥሮ ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ከእርሱ ርቀው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካዊው ሃሪ ሃርሎ ከእናቶቻቸው የተለዩ የጦጣ ግልገሎችን ሁለት ሰው ሠራሽ እናቶች ባሉበት አኖራቸው፤ አንዲቱ ወተት የምትሰጥ የሽቦ እናት፣ አንዲቱም ወተት የሌላት ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች ነበረች። ግልገሎቹ ለመጥባት ብቻ ወደ ሽቦዋ ይሄዱና ቀሪውን ሰዓት ሁሉ ጨርቅዋን አቅፈው ይውሉ ነበር። በእነዚያ ፍጥረታት ላይ የደረሰው ሥቃይ ልብ የሚነካ ነው፤ ቢሆንም የታየው ነገር ሕያው ፍጥረት በእንጀራ ብቻ እንደማይኖር አረጋግጦአል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረውና የ724 ወንዶችን ሕይወት ከወጣትነት እስከ እርጅና የተከታተለው ጥናት ደግሞ፣ በኀምሳ ዓመታቸው ከቤተ ሰባቸውና ከወዳጆቻቸው ጋራ በነበራቸው ግንኙነት የረኩት ሰዎች በሰማንያ ዓመታቸው ከሌሎቹ የተሻለ ጤና እንደ ነበራቸው አሳይቶአል። ጥናቱ ሲጀመር የአንድ አገር ወንዶችን ብቻ የመረመረ ስለ ሆነ ለዓለም ሁሉ ሕግ አይሆንም፤ ምስክርነቱ ግን የሚናቅ አይደለም።

ምስክርነት ካልን፣ ሰው ከሞት ጋራ ፊት ለፊት በቆመበት ሰዓት የሚሰጠውን የሚያህል የለም። ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው የኢቫን ኢሊች ሞት ታሪክ፣ በዳኝነት ሹመት የከበረ፣ ቤቱን ያሳመረ፣ በሰው ዘንድ የተመሰገነ አንድ ሰው በማይድን ደዌ ተይዞ ይተኛል። ሚስቱና ሐኪሞቹ ትድናለህ እያሉ ይዋሹታል። ጓደኞቹ ስለሚለቀቀው ሹመት ያስባሉ። ከቤቱ ሁሉ እውነቱን ያልሸሸገው ገራሲም የሚባለው የባላገር ልጅ፣ አገልጋዩ ብቻ ነው። ሕመምተኛው እግሮቹ ከፍ ሲሉ ሕመሙ ስለሚቀልለት፣ ገራሲም እግሮቹን በትከሻው ላይ ተሸክሞ ሌሊቱን ሁሉ ይቀመጣል፤ ሁላችንም እንሞታለንና ይህን ያህል መድከም ምን ይከብዳል በሚል መንፈስ፣ ሳያጕረመርም። ኢቫን ኢሊች ዕድሜውን ሙሉ የተከተለው ዓላማ ሁሉ ከንቱ መሆኑን የተረዳው በፍልስፍና አልነበረም፤ ያ ጤነኛ ወጣት ስለ እርሱ ሲደክም በማየቱ ነበር። ስለ ፍቅር ከተጻፉት ሥዕሎች ሁሉ ይህን የማስቀድመው፣ ስለ ፍቅር አንድ ቃል ሳይነገርበት ፍቅር የተሠራበት ስለ ሆነ ነው።

የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ደግሞ በልብ ወለድ ሳይሆን በገዛ ሥጋው አይቶታል። አይሁዳዊ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1942 ተይዞ፣ በ1944 ወደ አውሽዊትዝ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች የናዚ እስር ሰፈሮች ተወሰደ። በጨለማ ማለዳ፣ በበረዶ ላይ፣ ጠባቂዎች በጠመንጃ ሰደፍ እየገፉዋቸው ወደ ሥራ ሲነዱ፣ ከጎኑ ያለው እስረኛ ሚስቶቻችን ይህን ኑሮአችንን ባያዩ ይሻላል ብሎ በሹክሹክታ ቢናገር፣ የሚስቱ ፊት በአእምሮው እንደ ተሣለና ሰው ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛው ነገር ፍቅር መሆኑን በዚያች ሰዓት እንደ ተረዳ ጽፎአል። በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም ነበር፤ እርስዋም በበርገን ቤልሰን ሞታለች። ከነጻነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ የተናገረው ቁም ነገር፣ ሕይወት ምን ትሰጠኛለች ከማለት ይልቅ ሕይወት ከእኔ ምን ትጠብቃለች ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ነው። እኔም በዚህ ዳሰሳ ካየኋቸው መልሶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም፤ ሕፃኑ ከየኔታው ከሚሰማው መልስ ጋራም አይጣላም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይነገር ቢቀር ዳሰሳው ሐሰተኛ ይሆናል። ፍቅር መስጠት ነው የሚለው ቃል፣ ሁልጊዜ እንዲሰጡ በተፈረደባቸው ሰዎች ላይ ቀንበር ሊሆን ይችላል። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳና ወደ ኩዌት ሄደው በሰው ቤት የሚያገለግሉት እኅቶቻችን ደመወዛቸውን ለወንድም ትምህርት፣ ለአባት ሕክምና፣ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ እየላኩ የወጣትነታቸውን ዘመን ይጨርሳሉ። ስንቶቹ ተመልሰው ሲመጡ በላኩት ገንዘብ በተሠራው ቤት እንደ እንግዳ ይታያሉ። የእነዚህን ሴቶች ፍቅር ማመስገን ቀላል ነው፤ ምስጋናው ግን ዕዳችንን መሸፈኛ እንዳይሆን ያስፈራል። ባልና ሚስት እኩያዎች ናቸው የሚለው የሐተታው ቃል በወንድምና በእኅት፣ በላኪና በተቀባይም መካከል ሊሠራ ይገባዋል።

ሰጪው በራሱ ፈቃድ ሲሰጥ ምን ያህል እንደሚለይ ከወይዘሮ አበበች ጎበና ሕይወት እንረዳለን። እኒህ ሴት በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው፣ ከዚያ ትዳር ጠፍተው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ አገሩ በረኃብ ተመትቶ አገኙት፤ በእናቱ ሬሳ አጠገብ የቀረ ሕፃን አይተው ማለፍ አልቻሉም። ያን ሕፃንና ሌላ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ይዘው ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተ ሰባቸው ነገሩን ባይቀበለው በኋላ የመሠረቱትን ትዳርና የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋራ ወጡ፤ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት መርጃ ድርጅትም ከዚህ ተነሥቶ አደገ። እንደሚታወቀው ወደ ግሸን የሄዱት ለመሳለም እንጂ የሕይወታቸውን ዓላማ ለመፈለግ አልነበረም፤ ዓላማው በመንገዳቸው ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ከእርሱ አልተለዩም።

ምናልባት አንባቢ፣ የሚወደው ሰው የሌለው፣ እርሱንም የሚወድ ያጣ ምስኪን እንግዲህ ያለ ዓላማ ይኖራል ማለት ነውን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከዚያ ምስኪን ዘንድ አይፈለግም። ዕዳው በአጠገቡ ባሉት ላይ ይወድቃል። አንባቢዎች ሆይ፣ ዛሬ በየሰፈራችሁ ልጆቻቸው ወደ አሜሪካና ወደ አረብ አገር ሄደውባቸው፣ ከሳምንት ወደ ሳምንት የስልክ ድምፅ እየጠበቁ የሚኖሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሉ፤ የእድር ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ በራቸውን የሚያንኳኳ የለም። ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ስለ ፍቅር ሌላ መጽሐፍ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ ከእነርሱ ወደ አንዱ ሂዱና ቡና አብራችሁ ጠጡ።